አየር የሚያጸዳው ማሽን ራሱ ሲያሰጋ

ሐምሌ 26 ቀን 2006 ዓ.ም. ቅዳሜ ማለዳ፣ በምሥራቅ ቻይና ኩንሻን ከተማ በሚገኝ ፋብሪካ 261 ሠራተኞች የመግቢያ ካርዳቸውን መትተው ወደ ሥራ ገቡ። የሚሠሩት የመኪና ቸርኬ ማለስለስ ነው፤ አሉሚኒየሙን እየፈጉ እንደ መስታወት ማብረቅ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ10 ላይ አቧራ የሚስቡት ፋኖች ተነሡ፣ ሥራም ተጀመረ። 24 ደቂቃ ቆይቶ ቁጥር 1 አቧራ ሰብሳቢ ፈነዳ። እሳቱ ቱቦ ለቱቦ ወደ አዳራሹ ተመልሶ ሠራተኞቹ ወደተሰለፉበት ገባ። በዚያው ቀን 75 ሰዎች ሞቱ። ሰውነታቸው ተቃጥሎ ሆስፒታል ከገቡትም ብዙዎቹ በተከታታይ ወራት እያረፉ የሟቾች ቁጥር 146 ደረሰ።

የቻይና መንግሥት መርማሪዎች የደረሱበት ምክንያት ሲሰሙት ቀላል ነው። አቧራ ሰብሳቢው ለረጅም ጊዜ አልተጠረገም። ከሥሩ የተቀመጠው የአቧራ መቀበያ በርሜል ዝጎ ተበስቷል። ከአደጋው በፊት በነበሩት ቀናት ዝናብ ስለጣለ አየሩ እርጥብ ነው። እርጥበቱ በቀዳዳው ገብቶ የተከማቸውን የአሉሚኒየም ብናኝ ሲያገኝ ብናኙ ከውስጥ መጋል ጀመረ፤ ደቃቅ አሉሚኒየም ውኃ ሲነካው ሙቀት ያወጣል፣ በቀላሉ የሚቀጣጠለውን የሃይድሮጂን ጋዝም ይለቃል። ፋኑ ሲነሣ ብናኙን ከተኛበት አንሥቶ አየር ላይ በተነው። ከዚህ በኋላ ክብሪት የሚጭር ሰው አላስፈለገም። ማሽኑ የፍንዳታውን ግፊት ወደ ውጭ የሚያስተነፍስበት መውጫ አልተሠራለትም ነበር። 48 የሥራ ቦታዎች በአንድ ሳቢ መሥመር ላይ ተያይዘዋል። እንዲህ ያሉት ስምንት መሥመሮች ደግሞ የማስወጫ ቱቧቸው በአንድ ዋና ቱቦ ይገናኝ ነበር።

በዚያ አዳራሽ አቧራ ሰብሳቢው የተገጠመው ለሠራተኛው ጤና ተብሎ ነው። በየሠራተኛው ፊት የመሳቢያ አፍ ነበር። እሳቱም በዚያው መንገድ መጣ።

ብዙ አሠሪዎችና ተቆጣጣሪዎች የአየር ማጽጃ መሣሪያ ከተገዛና ከተተከለ በኋላ የአቧራ ጉዳይ የተዘጋ ይመስላቸዋል። የመሣሪያው ሥራ ግን በመላው አዳራሽ የተበተነውን አደጋ ለቅሞ አንድ የብረት ሣጥን ውስጥ ማከማቸት ነው። አዳራሹ በጸዳ ቁጥር ሣጥኑ ይከብዳል። ስለዚህ በፋብሪካው ውስጥ ከሁሉም በላይ ሥልጠና፣ ክትትልና ሥልጣን የሚያስፈልገው ሣጥኑን የሚያስነሣው፣ የሚያራግፈውና የሚከፍተው ሰው ነው። የብዙ አገሮች አደጋዎች ሲመረመሩ የሚገኘው ግን ይህ ሰው ከሁሉም በታች ተደርጎ እንደሚታይ ነው።

ኩንሻን የመጀመሪያው ቢሆን ኖሮ አለማወቅ ምክንያት ሊሆን ይችል ነበር። ከዚያ 11 ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2003፣ በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት ሀንቲንግተን በምትባል ከተማ ያው ዓይነት ዕቃ፣ ማለትም የአሉሚኒየም ቸርኬ የሚያመርተው የሄይስ ለመርዝ ፋብሪካ ፈንድቶ አንድ ሠራተኛ ሞቷል፣ ሌሎችም ቆስለዋል። የአሜሪካ የኬሚካል ደኅንነት መርማሪ ቦርድ ፍንዳታው የተነሣው ከአቧራ ሰብሳቢው ሳይሆን አይቀርም፣ ወደ ሕንፃውም የገባው በሳቢ ቱቦው ነው ብሎ ዘገባውን አወጣ። ዘገባው ለማንም ክፍት ነበር። ከሀንቲንግተን ወደ ኩንሻን ግን አልተሻገረም።

ብናኝ ለምን ይፈነዳል? ግንድ በክብሪት አይያያዝም፣ ጭራሮ ይያያዛል፤ ያው እንጨት ዱቄት ሆኖ አየር ላይ ሲበተን ግን በቅጽበት ይነድዳል፣ ታፍኖ ከሆነም ይፈነዳል። ለዚህ አምስት ነገሮች መገናኘት አለባቸው፤ የሚነድድ ብናኝ፣ አየር፣ ብናኙ በአየር ላይ መበተኑ፣ በተዘጋ ቦታ መሆኑና የሚያቀጣጥል ትኩሳት ወይም ብልጭታ። ከረጢት ያለውን አቧራ ሰብሳቢ በዚህ ዓይን ለተመለከተ ሰው ነገሩ ያስደነግጣል። ብናኙ አለ። ፋኑ አየር ያመጣል። ከረጢቶቹን ለማራገፍ በየጊዜው የሚተኮሰው የታመቀ አየር ብናኙን ይበትነዋል። ሣጥኑ ዝግ ነው። ከአምስቱ አራቱ በየቀኑ፣ በእያንዳንዱ ሽፍት፣ ማሽኑ ደኅና እየሠራ እያለ ተገናኝተው ይውላሉ። የቀረው አምስተኛው ብቻ ነው፤ እሱም ከግራይንደር ተስቦ የመጣ አንዲት ፍንጣሪ፣ የጋለ ኩሽኔታ ወይም ከምድር ጋር ያልተያያዘ ቱቦ ላይ የተጠራቀመ ስታቲክ ኤሌክትሪክ ሊሆን ይችላል።

የሚነድደው ብናኝ ደግሞ ሰዎች ከሚገምቱት በላይ ብዙ ነው። የስንዴ ዱቄት፣ ስኳር፣ የእንጨት ፍቅፋቂ፣ ጥጥ፣ የቡና ገለባ፣ የድንጋይ ከሰል፣ ፕላስቲክ፣ አሉሚኒየም፣ ደቃቅ ሲሆን ብረትም ሳይቀር። ሲሚንቶ፣ ኖራና ጂፕሰም አይነድዱም፤ የእነሱ ጉዳት በሳንባ በኩል ነው።

የአቧራ ሰብሳቢ ታሪክ ራሱ ከፍንዳታ ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. ሜይ 2 ቀን 1878 በአሜሪካ ሚኒያፖሊስ በዘመኑ ግዙፍ የተባለው የዋሽበርን ዱቄት ፋብሪካ ፈንድቶ 18 ሠራተኞች ሞቱ። ፋብሪካው እንደገና ሲሠራ አቧራ የሚስብ መሣሪያ እንዲገጠምለት ተደረገ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ መሣሪያው የዱቄት ሠራተኛን ሕይወት እንዳተረፈ አያጠራጥርም። ይህ ጽሑፍም መሣሪያው ይቅር አይልም። አቧራውን የሚስብ ነገር ከሌለ አቧራው በሠራተኛው ሳንባና በጣሪያው አግዳሚ ብረቶች ላይ ያርፋል፤ ሁለቱም ይገድላሉ።

በጣሪያ ላይ ያረፈው እንዴት እንደሚገድል በአሜሪካ የጆርጂያ ግዛት አንድ የስኳር ፋብሪካ አሳይቷል። ፖርት ዌንትወርዝ በሚባል ቦታ የነበረው የኢምፔሪያል ሹገር ማጣሪያ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 7 ቀን 2008 ሲፈነዳ 14 ሰዎች ሞተዋል። እዚያ ከአደጋው አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ድርጅቱ ስኳሩ ንጽሕናው እንዲጠበቅ ብሎ ከጎተራዎቹ ሥር የሚያልፈውን ማጓጓዣ በብረት ከደነው። ዓላማው ደግ ነበር። ነገር ግን በክዳኑ ውስጥ አቧራውን የሚስብም ሆነ ግፊቱን የሚያስተነፍስ ነገር አልተበጀለትም። ቀድሞ በሰፊው ዋሻ ውስጥ ይበተን የነበረው የስኳር ብናኝ በጠባቡ ክዳን ሥር ተጠራቀመ። የመጀመሪያው ፍንዳታ በየፎቁ ወለልና አግዳሚ ላይ ለዓመታት የተኛውን የስኳር አቧራ አራግፎ አስነሣው፤ አብዛኛውን ጥፋት ያደረሱትም ተከትለው የመጡት ፍንዳታዎች ናቸው። በአሜሪካ የእሳት መከላከል ማኅበር መመዘኛ አንድ ሚሊሜትር እንኳ የማይሞላ፣ 0.8 ሚሊሜትር የሚሆን የአቧራ ንጣፍ ከወለሉ ስፋት 5 በመቶውን ከሸፈነ አደገኛ ይባላል። ይህ በጣት ሲጠርጉት የጣት ምልክት የሚያስቀር ያህል ነው።

ከሁሉም ይልቅ ለዛሬ ኢንዱስትሪዎች ትምህርት የሚሆነው ግን ማንም ያልሞተበት አደጋ ነው። በኒው ጀርሲ ግዛት ኢስት ረዘርፎርድ ከተማ ዩኤስ ኢንክ የተባለ የማተሚያ ቀለም ፋብሪካ አዲስ አቧራ ሰብሳቢ አስገጠመ። ሥራ በጀመረ በአራተኛው ቀን፣ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 9 ቀን 2012፣ በቱቦው ውስጥ እሳት ተነሣ። ሠራተኞች ምን እንደሆነ ለማየት ወደ ቀለም መቀላቀያው ክፍል በር ተሰበሰቡ። ነበልባሉ ወጥቶ ሰባቱን አቃጠላቸው። መርማሪ ቦርዱ ያገኘው ስሕተት በየትኛውም አገር የሚሠራ ዓይነት ነው። ሲስተሙ ለታሰበለት አቧራ ብቻ ሳይሆን ወለል ለማጽጃ የሚያገለግሉ ቱቦዎችም ተቀጠሉበት። የሚስባቸው አፎች ሲበዙ በቱቦው ውስጥ የሚሄደው አየር ፍጥነቱ ወረደ። ፍጥነቱ ሲወርድ ጥቀርሻ መሳዩ የካርበን ብናኝ ከዘይት ተን ጋር እየተጣበቀ በቱቦው ሆድ ውስጥ ተጋገረ። አራት ቀን በቃው።

«አንድ ቱቦ ብንጨምርበት ምን አለበት?» የሚለው ጥያቄ በየፋብሪካው ይሰማል። አንድ ሲስተም ሲነደፍ በእያንዳንዱ ቱቦ ውስጥ አየሩ በምን ፍጥነት መሄድ እንዳለበት ይሰላል፤ ለተለመደው የኢንዱስትሪ አቧራ በሴኮንድ 20 ሜትር አካባቢ ነው። ከዚያ ሲያንስ አቧራው መንገድ ላይ ይቀራል። አዲስ መጋዝ ወይም አዲስ ወፍጮ መጥቶ ያለ ስሌት ሲቀጠል በሩቁ ጫፍ ያለው ሠራተኛ ፊት ያለው አፍ መሳብ ያቆማል፣ በመካከሉም ቱቦው መሙላት ይጀምራል። ይህን ከውጭ ሆኖ የሚያይ የለም። ቱቦውን በእንጨት ሲያንኳኩት ድምፁ ደፍኖ ከተሰማ ግን ነገሩ ቆይቷል ማለት ነው።

አሜሪካኖቹ ጉዳዩን በጥናት ያውቁታል። መርማሪ ቦርዱ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው ጥናት ከ1980 እስከ 2005 ባሉት ዓመታት 281 የብናኝ እሳትና ፍንዳታ ቆጥሮ 119 ሰዎች መሞታቸውን፣ 718 መቁሰላቸውን ዘግቧል፤ ለሁሉም ኢንዱስትሪ የሚያገለግል አስገዳጅ ደንብ ይውጣ ብሎም ጠይቋል። የእህል ማከማቻዎችን የሚመለከት ደንብ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ አለ። ለስኳሩ፣ ለእንጨቱ፣ ለብረቱ የሚሆነው አጠቃላይ ደንብ ግን ተጀምሮ ከዕቅድ ዝርዝር ወጣ። በ2024 መጨረሻ የእሳት መከላከል ማኅበሩ ስድስት የተለያዩ የብናኝ መመዘኛዎችን አዋሕዶ ቁጥር 660 በሚል አንድ መጽሐፍ አድርጓቸዋል። ጥሩ እርምጃ ነው፤ አንድ የፋብሪካ ኢንጂነር ስድስት ቦታ ከመፈለግ ድኗል።

ቻይና ከኩንሻን በኋላ በዚያው ወር ያወጣችው ደንብ አጭር ነው፤ አምስት ነጥብ ብቻ። ከነዚህ ውስጥ አንዱ አቧራው በየሽፍቱ እንዲጠረግ ያዝዛል፣ አቧራ ሰብሳቢው በቆመበት ጊዜ መሥራትንም ይከለክላል፤ ምርት ይቁም፣ ሰው ይውጣ ይላል። ከብዙ ጥራዝ ይልቅ ይህ ነጥብ በፋብሪካ ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ የሚሠራው ሥራ ይበልጣል። በአደጋው የተጠየቁት የኩባንያ ኃላፊዎችና ባለሥልጣናትም እስከ ሰባት ዓመት ተኩል በሚደርስ እስራት ተቀጥተዋል።

ወደ ኢትዮጵያ ስንመጣ ጉዳዩ የሩቅ ወሬ አይደለም። አገሪቱ ውስጥ ከተተከሉት የሲሚንቶ፣ የዱቄት፣ የጨርቃ ጨርቅ፣ የእንጨትና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች ብዙዎቹ አቧራ የሚስብ መሣሪያ ይዘው የመጡ ናቸው። ከሁሉ ግዙፎቹ ሲሚንቶ ፋብሪካዎቹ ናቸው፤ ከድሬዳዋ እስከ ሙገር፣ ከመሰቦ እስከ ደርባ፣ በቅርቡም በ2017 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ለሚ።

ሲሚንቶ ራሱ አይነድም ተብሏል። ይሁን እንጂ ፋብሪካዎቹ ከውጭ በሚገባ ከባድ ነዳጅ ፋንታ የድንጋይ ከሰል መጠቀም ከጀመሩ ወዲህ በግቢያቸው ውስጥ አንድ የተለየ ማሽን ቆሟል፤ የከሰል ወፍጮው ባግ ፊልተር፣ ማለትም ባለ ከረጢት አቧራ ሰብሳቢው። የሲሚንቶውን አቧራ ከሚያጣራው ፊልተር ጎን ሲያዩት ያው የብረት ሣጥን ነው፤ ያው ከረጢት፣ ያው ፋን። ውስጡ ያለው ግን እንደ ቡና ዱቄት የደቀቀ ከሰል ነው። ከሰል ደግሞ ዝም ብሎ ተከማችቶ ሲቆይ በራሱ ይግላል፣ ቀስ ብሎም ይጨሳል።

ይህን ቀድሞ የሚናገረው የካርቦን ሞኖክሳይድ መለኪያው ነው። ጭስ ከመታየቱ፣ ቃጠሎም ከመሽተቱ በፊት ቁጥሩ መውጣት ይጀምራል። በዚህ ጊዜ የሰው ልጅ እጅ የሚሮጠው ወደ በሩ ነው፤ ከፍቶ ማየት ይፈልጋል። በሩ ሲከፈት ታፍኖ ይጨስ የነበረው ከሰል ኦክስጅን ያገኛል፣ በንዝረቱ ከከረጢቱ የሚረግፈው ብናኝም ይበተናል፤ ከላይ ከተጠቀሱት አምስቱ ነገሮች የቀረው ተሟላ። ትክክለኛው አሠራር የዚህ ተቃራኒ ነው። ወፍጮውና ፋኑ ይቆማሉ፣ የአየር መዝጊያዎቹ ይዘጋሉ፣ ከረጢት ማራገፉ ይቋረጣል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወይም ናይትሮጅን ይለቀቃል፣ ሰው ከአካባቢው ይርቃል፣ ከዚያም ይጠበቃል። መጠበቁ ሰዓታት ሊወስድ ይችላል። የከሰል ወፍጮ ለሰዓታት ሲቆም ደግሞ እቶኑ ይራባል፣ ስልኩም መጮህ ይጀምራል። ኦፕሬተሩ በዚያ ሰዓት የሚወስነው ውሳኔ አስቀድሞ በጽሑፍ ካልተደገፈለት ብቻውን የሚሸከመው ሸክም ነው።

በማይነድደው አቧራ በኩል ያለው ጉዳትም በቁጥር ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2010 ታትሞ የወጣ፣ የኖርዌዩ በርገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ጥናት በአንድ የኢትዮጵያ ሲሚንቶ ፋብሪካ ሠራተኞች የሚተነፍሱትን አቧራ ለክቷል። በክሬሸር ክፍል አማካዩ በሜትር ኪዩብ 38.6 ሚሊግራም፣ በማሸጊያው ክፍል 18.5፣ በጥበቃ ሠራተኞች ዘንድ 0.4 ሆኖ ተገኘ። በአንድ ግቢ ውስጥ ባሉ ሰዎች መካከል ወደ መቶ እጥፍ የሚጠጋ ልዩነት ማለት ነው። በቡና ማበጠሪያ ፋብሪካዎችም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን ከበርገን ጋር ባደረጓቸው ጥናቶች የሠራተኞቹ የሳንባ አቅም ቀንሶ ተገኝቷል።

ትንንሾቹን ወርክሾፖች ማንም አይቆጥራቸውም፤ አደጋው ግን እዚያም አለ። በየከተማው ቁምሳጥንና የኩሽና ካቢኔት የሚሠሩ የኤምዲኤፍ ቤቶች በዝተዋል። ብዙዎቹ ከታች የላስቲክ፣ ከላይ የጨርቅ ከረጢት ያለው ተንቀሳቃሽ ሳቢ ይጠቀማሉ። ከረጢቱ እንደ ተነፋ ኳስ ወርክሾፑ መካከል ይቆማል። በዚያው ቤት ጥግ ብረት የሚበይድ ወይም በግራይንደር የሚቆርጥ ሰው ካለ፣ አልፎ ተርፎም ምስማር ያለበት እንጨት መጋዙ ውስጥ ከገባ፣ ፍንጣሪው በሳቢው አፍ ገብቶ የእንጨት ዱቄቱ ላይ ያርፋል። እዚያው ሊነድ ይችላል፤ ወይም ሳይታወቅ ሲጨስ ቆይቶ ሠራተኛው ቤቱ ከገባ በኋላ ሌሊት ይነሣል። እንጨትና ብረት በአንድ ሳቢ አይሠሩም። አሉሚኒየምና ብረትም እንዲሁ፤ አሉሚኒየም ፈጭቶ በዛገ ብረት ብናኝ ላይ ማከማቸት እሳቱን ይብስ ያከፋዋል።

መሣሪያውን በደኅና ማሠራት ምን ይመስላል? የሚጀምረው ከቅደም ተከተል ነው። ፋኑ ቀድሞ ይነሣል፣ በደንብ መሳቡ ይታያል፣ ከዚያ ወፍጮው ወይም መጋዙ ይነሣል። ማታ ደግሞ ማሽኑ ቀድሞ ይቆማል፤ ፋኑ በቱቦው የቀረውን ጠርጎ እስኪጨርስ ጥቂት ይቆያል፤ ከረጢቶቹ ይራገፋሉ፤ ከሥር ያለው አቧራ ይወጣል። ከሥር ያለው የአቧራ መቀበያ፣ ሆፐሩ፣ የአቧራ ማሳደሪያ መጋዘን አይደለም። መብራት በሚቆራረጥበት አገር ይህ ቅደም ተከተል በተለይ ይፈተናል። ጄነሬተር ሲገዛ ለምርት ማሽኑ ብቻ ታስቦ ከሆነ መብራት በሄደ ቁጥር ወፍጮው ይሠራል፣ ሳቢው ይቆማል። ሁለቱ በኤሌክትሪክ መሥመር ተቆላልፈው፣ ሳቢው ካልተነሣ ወፍጮው እንዳይነሣ ማድረግ ለአንድ ጎበዝ ኤሌክትሪሺያን የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ቀጥሎ ጌጁ ይመጣል። በባግ ፊልተሩ ጎን የምትገኘው ክብ መለኪያ ከከረጢቱ በፊትና በኋላ ባለው ግፊት መካከል ያለውን ልዩነት ታሳያለች። እንደ አምራቹ ቢለያይም በደኅና ቀን ከ1,000 እስከ 1,500 ፓስካል አካባቢ ትቆማለች። ወደ ላይ ስትወጣ ከረጢቱ ደፍኗል፣ ስበቱም ደክሟል ማለት ነው፤ ይህን ሁሉም ይረዳል። የማይረዱት መውረዷን ነው። ትናንት 1,200 የነበረች ጌጅ ዛሬ 300 ስታሳይ «ዛሬማ ጥሩ ነው» ይባላል። ከረጢት ተቀዶ አቧራው በንጹሑ በኩል እያለፈ ወደ ጭስ ማውጫው እየሄደ፣ ወይም ወደ ጌጁ የሚሄደው ቀጭን ቱቦ ተደፍኖ ሊሆን ይችላል። ጌጁ ላይ ደኅናውን ክልል በአረንጓዴ ቀለም ማስመርና በየሽፍቱ ቁጥሩን መዝገብ ላይ ማስፈር ከቀለሙ ዋጋ በቀር ወጪ የለውም። ከአንድ ወር በኋላ መዝገቡን የሚያገላብጥ ሰው ማሽኑ መታመም የጀመረበትን ቀን ያገኘዋል።

ቱቦና ከረጢትም ልብ ይፈልጋሉ። የውኃ ፒቪሲ ቱቦ ርካሽና ቀላል ስለሆነ ለአቧራ መሳቢያ ሲውል ይታያል፤ አቧራው በፕላስቲኩ ላይ ሲፈተግ ስታቲክ ኤሌክትሪክ ይጠራቀማል፣ መሄጃም የለውም። የብረት ቱቦ ሆኖ፣ መጋጠሚያዎቹ በሽቦ ተያይዘው፣ ከምድር ጋር መገናኘት አለበት። ለሚነድድ ብናኝ የሚሆነው ከረጢትም በውስጡ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ ክር የተሸመነበት ነው። ያ ከረጢት ሲያልቅ ከገበያ በተገኘው ተራ ጨርቅ ከተተካ ከውጭ የሚታይ ለውጥ የለም፤ ጥበቃው ግን ሄዷል።

አደገኛው ሰዓት በሩ የሚከፈትበት ነው። ከረጢት የሚቀይረው ወይም የተደፈነ ሆፐር የሚከፍተው ሠራተኛ ብሬከሩን ራሱ ያወርዳል፣ በራሱ ቁልፍ ይቆልፋል፣ ቁልፉን ኪሱ ይከትታል። ሁለት ሰው ከገባ ሁለት ቁልፍ ይንጠለጠላል። ማራገፊያው ታንከር ውስጥ ያለው የታመቀ አየር ይለቀቃል፤ ኤሌክትሪክ ስለጠፋ ብቻ አየሩ አይጠፋም። የፋኑ ምላጭ ዞሮ ዞሮ እስኪቆም ይጠበቃል። ሰውነት የሚገባበት ከሆነ በመለኪያ ኦክስጅኑ ይታያል፤ ከ19.5 በመቶ በታች ከሆነ አይገባም። ደጅ የሚቆም ሰው ይመደባል። ያ ሰው የገባው ቢወድቅ ዘሎ አይገባም፤ ገመድ ይስባል፣ ርዳታ ይጠራል። በተዘጋ ቦታ አደጋዎች አድናለሁ ብሎ የገባው ሁለተኛው ሰው የሚሞትበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሆፐር ሲደፈን ከሥር ሆኖ በዱላ መውጋት የተለመደ ነው። ከላይ ድልድይ ሠርቶ የቆመው አቧራ ድንገት ሲናድ በብዙ ኪሎ የሚመዘን ትኩስ ዱቄት ፊትና አንገት ላይ ይወርዳል። ማጽጃው ደግሞ መጥረጊያና ኮምፕሬሰር ከሆነ ያረፈው አቧራ ሁሉ እንደገና አየር ላይ ይወጣል። እርጥብ ጨርቅ፣ ወይም ለዚያ ብናኝ ተብሎ የተሠራ ቫኪዩም ያስፈልጋል። አሉሚኒየም ላይ ውኃ ማርከፍከፍ ግን ክልክል ነው።

ይህ ሁሉ በመመሪያ መጽሐፉ ላይ አለ። መጽሐፉ የተጻፈው ግን በቻይንኛ ወይም በእንግሊዝኛ ነው፤ የሚቀመጠውም በቴክኒክ ኃላፊው ቢሮ ነው። ከረጢቱን የሚቀይረው ሰው ብዙ ጊዜ በኤጀንሲ የመጣ የጉልበት ሠራተኛ ነው፤ ዛሬ እዚህ፣ ነገ ሌላ ክፍል። ማስክ ይሰጠዋል፣ ፊርማው ይወሰዳል። የጤና ጉዳት የሚደርስበት በዓመታት ውስጥ ስለሆነ፣ ያን ጊዜም ሌላ ቦታ ስለሚሆን፣ ከማሽኑ ጋር የሚያያይዘው የለም። አንድ ፋብሪካ በሚሊዮን ብር የሚቆጠር ፊልተር ገዝቶ፣ ከበሩ አጠገብ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በሲዳምኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ማስጠንቀቂያ አለመለጠፉ የገንዘብ እጥረት ሊባል አይችልም።

ሕጉ ባዶ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ለሠራተኛው ደኅንነት አስፈላጊውን ሁሉ እንዲያደርግ፣ ስለ ሥራው አደጋም እንዲያሠለጥነው ያስገድዳል። ሠራተኛው በበኩሉ የደኅንነት መሣሪያ እንዳይነካካና እንዳያነሣ ይከለክላል። ሠራተኛው ሕይወቱን የሚያሰጋ አደጋ እንዳለ ታውቆ፣ አሠሪው ተነግሮት እርምጃ ካልወሰደ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን መልቀቅ እንደሚችልም ይደነግጋል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 ያጸደቀችው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155 አንድ እርምጃ ይሻገራል፤ አጣዳፊ አደጋ አለ ብሎ በቂ ምክንያት ይዞ ከሥራው የራቀ ሠራተኛ ቅጣት እንዳይደርስበት ይጠብቀዋል። ይህ ስምምነት ከ2022 ጀምሮ ከድርጅቱ መሠረታዊ ስምምነቶች ተርታ ገብቷል።

በመጽሐፍ ባለው መብትና በፈረቃው መካከል ግን ክፍተት አለ። ሥራ መልቀቅ ማለት ደመወዝ ማጣት ነው፤ የቤት ኪራይ ያለበት ሰው የማይጠቀምበት መብት ነው። የከሰል ፊልተሩን የሚቆጣጠረው ኦፕሬተር የሚያስፈልገው ሥራውን ሳይለቅ ማሽኑን የማቆም ሥልጣን ነው። ይህን ሥልጣን ለመስጠት አዲስ አዋጅ መጠበቅ አያስፈልግም፤ በኅብረት ስምምነት ሊሰፍር ይችላል። ስለዚህ በሲሚንቶ፣ በዱቄት፣ በቡና፣ በጥጥና በእንጨት ሥራ ያላችሁ የሠራተኛ ማኅበራት መሪዎች፣ በሚቀጥለው ድርድር ከደመወዝ ጭማሪው ጎን ሁለት መሥመር አስገቡ። አቧራ ሰብሳቢው ሲቆም ምርቱ ይቁም። አደጋ አይቶ ማሽን ያቆመ ሠራተኛ የዚያ ቀን ደመወዙ አይነካ።